ከሦስት ዓመት በፊት የተቀመጠውን ብሎክ ያስመጣ ማዕከል፦ በባሕር ዳር ያገኘነው የፓቶሎጂ አገልግሎት

በባሕር ዳር፣ ዘንባባ ከተሰለፈበት ሰፊ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የግል ፓቶሎጂ ማዕከል ለአክስቴ የሰጠውን አገልግሎት ለመገምገም ነው ይህን የምጽፈው። ፓቶሎጂ ከታማሚው አካል የተወሰደን ናሙና አዘጋጅቶ፣ በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ የበሽታውን ስም የሚያወጣ የሕክምና ዘርፍ ነው፤ ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ናሙናውን የሚያነበውን ሐኪም በዓይኑ አያየውም፣ ለእጁ የሚደርሰው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። እኔ ፋርማሲስት ስሆን ያንን ወረቀት ይዘው ለሚመጡ ሰዎች መድኃኒት ሳድል ዓመታት አሳልፌአለሁ። በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስም ምን ያህል ጥያቄና ማመሳከር እንደሚጠይቅ ግን በቅርብ ሆኜ ያየሁት ዘንድሮ ነው። የማዕከሉን ስም የማልጠቅሰው ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታም ስላለኝ ነው።

አክስቴ የዘጌ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ከኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል ከሚመረትበት አካል በተነሣ ካንሰር ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ማኅፀናቸውና ሁለቱም ኦቫሪዎቻቸው በቀዶ ሕክምና ወጥተው፣ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የተባሉትን መድኃኒቶች ስድስት ዙር ከወሰዱ በኋላ ጤናቸው ተመልሶ ቡናቸውን እየለቀሙ፣ ማኅበራቸውን እየጠጡ ይኖሩ ነበር። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ገላቸውን ሲታጠቡ በግራ ጡታቸው ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር ዳሰሱ። ለማንም ሳይናገሩ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ቆዩ፤ እብጠቷ እየገፋች በብብታቸውም ንፍፊት ሲወጣ ነው ለእኔ የነገሩኝ። በማግስቱ በጀልባ ወደ ከተማ መጡ።

መጀመሪያ በሄድንበት ቦታ፣ እርሱንም አልጠቅሰውም፣ በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና፣ በተለምዶ ኤፍ ኤን ኤ የሚባለው፣ ተወሰደ። ከሁለት ቀን በኋላ የተሰጠን ወረቀት «የጡት ካንሰር» የሚል ሲሆን፣ ጡቱን በሙሉ ለማንሣት ቀጠሮ እንድንይዝም ተነገረን። ወረቀቱን ደጋግሜ ሳነበው ዓይኔ ያረፈው በውጤቱ ላይ ሳይሆን ከላይ በተጻፈው የታማሚ መረጃ ላይ ነበር፤ «የ58 ዓመት ሴት፣ የግራ ጡት እብጠት» ከሚለው በቀር አንዲት ቃል አልነበረበትም። ስለ ኦቫሪው ካንሰር ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልጻፈም። እኔም ራሴ አልተናገርሁም ነበር፤ የሦስት ዓመቱ በሽታ አልፎ የሄደ፣ የአሁኑ ሌላ አዲስ መከራ ሆኖ ስለታየኝ ነው። ስላይዱን፣ ማለትም ናሙናው የተቀባበትን መስታወት፣ ያነበበው ባለሙያ ባልተነገረው ነገር ሊወቀስ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ደግሞም ግምቱ ከመሬት ተነሥቶ የተሰጠ አልነበረም። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ በ58 ዓመት ሴት ጡት ላይ ካንሰር ሲገኝ ከዚያው ከጡቱ የተነሣ ነው ብሎ ማሰብ በአብዛኛው ትክክል ይሆናል። ከሌላ አካል ተነሥተው ወደ ጡት የሚዛመቱ ካንሰሮች በጡት ላይ ከሚገኙት አደገኛ ዕጢዎች መካከል እጅግ ጥቂት ናቸው፣ በብዙ ዘገባዎች ከመቶ ሁለት ገደማ ወይም ከዚያ በታች። ከእነዚያ ጥቂቶች ውስጥ ደግሞ የቆዳ ሜላኖማ፣ የንፍፊት ካንሰር የሆነው ሊምፎማና የሳንባ ካንሰር ብዙ ጊዜ ሲጠቀሱ፣ የኦቫሪ ካንሰርም ከእነርሱ ጋር ይቆጠራል። አንድ ባለሙያ በሥራ ዘመኑ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያየው ነገር ስለሆነ አስቀድሞ ካልተጠረጠረ ሳይታወቅ ያልፋል። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ የሚያመለክተው ምልክት በስላይዱ ላይ ቢኖር እንኳ ሊፈለግ የሚችለው ያለፈውን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሲመለከተው ነው።

ወደ ማዕከሉ የሄድነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት ሌላ ሰው ይየው» ስላለኝ ነው። በር ላይ የተቀበለችን ልጅ ስም፣ ዕድሜና ስልክ መዝግባ ወንበር በማሳየት ብቻ አላበቃችም፤ ሁለት ገጽ ያለው ቅጽ አውጥታ አንድ በአንድ ጠየቀችን። ከዚህ በፊት ዕጢ ወጥቶላቸው ያውቃል ወይ፣ የት፣ መቼ፣ ምን መድኃኒት ወሰዱ፣ በቤተሰብ ውስጥ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር የያዘው ሰው አለ ወይ፣ የድሮው ናሙና የት ይገኛል የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። ለኦቫሪው ጥያቄ መልስ ስሰጥ ልጅቷ ብዕሯን አቁማ ወደ ውስጥ ገባች፤ ጥቂት ቆይታ ፓቶሎጂስቷ ራሷ ወጣች። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አላየሁም።

ዶክተሯ ከአክስቴ አጠገብ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና «እናቴ፣ ያን ጊዜ ሆድዎት የተቀደደው ምን ተብሎ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ልጄ፣ የማኅፀን ነገር ነው አሉኝ፤ ወረቀቱን ይሄ ልጅ ያውቃል» አሏት። ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ የተናገረችው የዚህ ግምገማ ዋና ምክንያት ነው፤ «ይህን ሳላውቅ ስላይዱን ባነበው ኖሮ እኔም የጡት ካንሰር ብዬ እጽፍ ነበር። አሁን ግን ያኛውን ናሙና ሳላይ ለዚህኛው ስም አላወጣለትም» አለች።

በመቀጠል ያደረገችው ነገር ሁሉ ከዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር የመጣ ነው። በቅድሚያ የቀጭን መርፌው ናሙና እንደማይበቃ አስረዳችን። ኤፍ ኤን ኤ ሕዋሳቱን በታትኖ ስለሚያወጣቸው አደገኛ መሆናቸውን ሊያሳይ ቢችልም፣ በኅብረ ሕዋሱ ውስጥ እንዴት እንደተደራጁ፣ በጡት ቱቦዎች ውስጥ ተወስነው ያሉ የካንሰር ሕዋሳት መኖር አለመኖራቸውን አያሳይም። ይህ የመጨረሻው ጉዳይ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ገና ግድግዳውን ሳይጥስ የቆየ ካንሰር ከዕጢው አጠገብ ከተገኘ በሽታው ከዚያው ከጡቱ መነሣቱን አጥብቆ ያመለክታል። አለመገኘቱ ግን ብቻውን ተቃራኒውን አያረጋግጥም፤ የጡት ካንሰርም ያለ እርሱ ሊታይ ይችላልና፣ ናሙናውም ትንሽ ከሆነ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ በአልትራሳውንድ እየታየ በወፍራም መርፌ፣ ትሩካት በሚባለው፣ ቁራጭ ኅብረ ሕዋስ እንዲወሰድ አዘዘች።

አልትራሳውንዱን ያነሣው ራዲዮሎጂስት እብጠቷ ክብ፣ ጠርዟ የለየለት፣ ለቆዳው የቀረበች መሆኗን ጻፈ። ብዙ የጡት ካንሰሮች ጠርዛቸው እንደ እሾህ ወደ ዙሪያቸው ይወጣል፣ አካባቢያቸውንም ይስባሉ፤ በደም መጥተው የሚያርፉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ክብና ለስላሳ ጠርዝ ያላቸው ሆነው ይታያሉ። ይህም ቢሆን የሚያሳስት ነው፤ ከጡት ከሚነሡት ውስጥም ክብ የሚሆኑ አሉ፣ ክብ በመሆናቸውም ጉዳት የሌለው እብጠት ተብለው የሚታለፉ አሉ። ዶክተሯ የራዲዮሎጂስቱን ወረቀት አንብባ በስልክ ደውላ ስታነጋግረው ሰምቻለሁ። ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ታማሚ ጉዳይ ላይ ስልክ አንሥተው ሲመካከሩ ማየት ያስደስታል፣ ሊለመድም የሚገባው ነገር ነው።

ስለ ናሙናው አያያዝ ጥቂት ልቆይ፤ እንደ እኔ በመድኃኒት ቤት የቆመ ሰው ይህን በደንብ ስለሚያውቀው ነው። ማዕከሉ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት አፉ ሰፊ የሆነ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ፣ በውስጡ ኅብረ ሕዋስ እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው 10 በመቶ ፎርማሊን ያለበት ዕቃ ስምና ሰዓት የሚጻፍበት ወረቀት ለጥፎ ሰጠን። ናሙናው የተወሰደበትን ሰዓትና ፎርማሊን ውስጥ የገባበትን ሰዓት ለየብቻ እንድናስጽፍ ነገሩን። ኅብረ ሕዋስ ከአካል ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ መበላሸት ይጀምራል፤ የጡት ናሙና በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ በውስጡም ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት፣ ፎርማሊኑም ከናሙናው ቢያንስ በአሥር እጥፍ መብዛት አለበት። ይህ ካልተጠበቀ በኋላ የሚደረገው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ፣ ማለትም ሆርሞን የሚይዘው ፕሮቲን በካንሰሩ ሕዋስ ላይ መኖሩን የሚያየው፣ ተቀባዩ እያለ የለም ሊል ይችላል። በሥራዬ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ በሽሮፕ ጠርሙስ፣ አንዳንዴም በግሉኮስ ውኃ ተነክሮ ከገጠር የመጣ ናሙና በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ሲገባ ለስላሳ የነበረው ኅብረ ሕዋስ ፎርማሊን ውስጥ ይጠነክራልና ከጠርሙሱ ጠባብ አፍ ሳይቆረጥ አይወጣም፤ በግሉኮስ የመጣው ደግሞ ሲደርስ በስብሷል። ሦስት ሰዓት በመኪና፣ አንድ ሰዓት በጀልባ ተጉዞ የመጣ ሰው ናሙናው ዋጋ አጥቶ እንደገና መርፌ ይወጋል። ማዕከሉ ትክክለኛውን ዕቃ አስቀድሞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መስጠቱ እኔ እንደማምነው ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

የድሮውን ብሎክ ማስመጣት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነብን። ብሎክ የሚባለው ከናሙናው የተቆረጠው ኅብረ ሕዋስ በሰም ውስጥ ተቀብሮ የሚቀመጥበት ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ለዓመታት ሳይበላሽ ስለሚቆይ ከእርሱ ላይ በማንኛውም ጊዜ ቀጭን ቅራፊ ላጭቶ አዲስ ምርመራ ማድረግ ይቻላል። አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል የዶክተሯን ደብዳቤ፣ የአክስቴን መታወቂያና የእኔን ፊርማ ጠይቆ በሰባት ቀን ውስጥ ሰጠ። ደብዳቤውን ማዕከሉ በዚያው ሰዓት ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ፣ ብሎኩ የተቀመጠበትን የናሙና ቁጥር ከድሮው ወረቀታችን ላይ ፈልጎ አስገብቶ ሰጥቶኛል። ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ ፍለጋው ሳምንታት ሊወስድ ይችል እንደነበር የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነግሮኛል።

ሁለቱ ስላይዶች ጎን ለጎን በተቀመጡበት ቀን ዶክተሯ ጠርታ በሁለት ሰው ዓይን በሚያሳየው ማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። እንደ ቅጠል ጫፍ የተቆራረጡ፣ ጣት ጣት የሚመስሉ የሕዋስ ክምችቶች ነበሩ፤ በመካከላቸው እንደ ሽንኩርት ተደራርበው የተጠቀለሉ ትንንሽ የካልሲየም ቅንጣቶች ይታያሉ። ቅንጣቶቹ ሳሞማ ይባላሉ፣ ሲረስ በሚባለው የኦቫሪ ካንሰር ዓይነት የተለመዱ ናቸው። የድሮው ስላይድ ላይም ያው ሥዕል ነበር። እኔ በደስታ «ታዲያ አንድ ነው!» ስላት ጭንቅላቷን በአሉታ ነቀነቀች፤ ከጡት የሚነሣ ማይክሮፓፒላሪ የሚባል ካንሰር እንዳለ፣ መልኩም ከዚህ ጋር እስኪያምታታ ድረስ እንደሚመሳሰል፣ ሳሞማም አልፎ አልፎ በጡት ካንሰር ውስጥ እንደሚታይ ነገረችኝ። በብብት ያለው ንፍፊትም ለሁለቱም ይመቻል፤ የጡት ካንሰር በቀዳሚነት የሚሄደው ወደዚያ ነው፣ የኦቫሪውም ወደ ጡት ከመጣ ወደ ብብት መግባቱ እንግዳ አይደለም። ከዚህም በላይ፣ በሴቶች ንፍፊት ውስጥ አንዳንዴ ከማኅፀን ቱቦ ሽፋን ጋር የሚመሳሰሉ ጉዳት የሌላቸው ሕዋሳት ስለሚገኙ፣ ካንሰር ተብለው እንዳይሳሳቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ልዩ ማቅለሚያ፣ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባለው፣ ነበር። ማዕከሉ ይህን ራሱ አይሠራም፤ ቅራፊዎቹን ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ የሕዋስ ዓይነት በውስጡ የራሱ የሆኑ ፕሮቲኖች አሉት፣ ፕሮቲኑን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በስላይዱ ላይ ይጨመርና ፕሮቲኑ ባለበት ሁሉ ቡናማ ቀለም ይወጣል። ዶክተሯ ያዘዘችው አንድ ማቅለሚያ ሳይሆን ስብስብ ነበር፤ ፓክስ 8፣ ደብሊው ቲ 1፣ ጋታ 3፣ ፒ 53 እና የኤስትሮጅን ተቀባይ።

የመጨረሻው ትልቅ ማሳሳቻ ነው። የኤስትሮጅን ተቀባይ በብዙ የጡት ካንሰሮች ላይ ስለሚገኝ ቡናማ ከሆነ ብዙ ሰው «ጡት ነው» ብሎ ይጨርሳል፤ ነገር ግን የኦቫሪ ሲረስ ካንሰርም ብዙ ጊዜ ይኸው ተቀባይ አለው። በአክስቴ ናሙና ላይም ቡናማ ሆነ። የመጀመሪያው ቦታ ይህን ብቻ አሠርቶ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ በማስረጃ ይደገፍ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱን ያወጡት ሌሎቹ ናቸው፤ በማኅፀንና በኦቫሪ አካባቢ ከሚነሡ ካንሰሮች ጋር የሚሄደው ፓክስ 8 በደማቁ ቡናማ ሆነ፣ ደብሊው ቲ 1ም እንዲሁ፤ በጡት ካንሰር ላይ በብዛት የሚታየው ጋታ 3 ግን ምንም ቀለም አላሳየም። ፒ 53 በድሮውና በአዲሱ ናሙና ላይ አንድ ዓይነት ያልተለመደ ሁኔታ አሳየ። ከእነዚህ አንዱም ብቻውን አይበቃም፤ ፓክስ 8 በኩላሊትና በታይሮይድ ካንሰርም ላይ ይታያል፣ ደብሊው ቲ 1 ዝልግልግ ፈሳሽ በሚያመርት የጡት ካንሰር ላይ ሊወጣ ይችላል፣ ጋታ 3ም የሽንት ፊኛ ካንሰርን ጨምሮ በሌሎች ላይ አለ። አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ፣ ከድሮው ብሎክ ጋርም ሲገጥሙ ነው ዶክተሯ «ከኦቫሪ ወደ ጡት የተዛመተ ከፍተኛ ደረጃ ሲረስ ካንሰር» ብላ የጻፈችው።

ውጤቱን ስትነግረን የጉዳዩን ሌላ ገጽም አወራችኝ፣ ስሕተቱ በተገላቢጦሽም ይደርሳልና። ሎቡላር የተባለው የጡት ካንሰር ሕዋሳቱ እርስ በርስ የሚያያዙበትን ፕሮቲን ስለሚያጡ በተናጠል ይበተናሉ፤ ወደ ኦቫሪ፣ ወደ ጨጓራና ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋን ሲዛመቱ ከዚያው የተነሡ ይመስላሉ። ከሌላ አካል መጥተው በኦቫሪ ላይ የሚያርፉ፣ በውስጣቸው ዝልግልግ ፈሳሽ የያዙ ሕዋሳት ያሏቸው ዕጢዎች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በ1896 እ.ኤ.አ. በገለጻቸው በጀርመናዊው ሐኪም በፍሪድሪክ ክሩከንበርግ ስም ነው፤ እርሱ ግን ከኦቫሪ የተነሡ መስሎት ነበር፣ አብዛኞቹ ከጨጓራ የሚመጡ መሆናቸው የታወቀው በኋላ ነው። ከኦቫሪ ከሚነሡት ብርቅዬ ዕጢዎች ደግሞ ግራኑሎሳ ሴል የሚባለው ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላም ሊመለስ የሚችል ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በአዋቂዎቹ ዓይነት ላይ ፎክስ ኤል 2 በሚባል ዘረ መል ውስጥ አንድ የማይለዋወጥ ጉድለት መገኘቱ መለየቱን አቀለለው፤ ይሁንና ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ ቀዶ ሕክምናን ማን ያስታውሳል? የሚያስታውሰው ወረቀቱና ብሎኩ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሕክምናውን መንገድ ለወጠው። የጡት ማንሣት ቀጠሮው ተሰረዘ፤ በሽታው በደም ውስጥ የሚጓዝ ከሆነ አንዱን ጡት ማንሣት ታማሚዋን ከማቁሰል በቀር ብዙ አይጠቅምም። የመጨረሻውን ካርቦፕላቲን ከወሰዱ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ስለሆነ፣ በሽታው ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ የተመለሰ ከሆነ ፕላቲነም ያለበት መድኃኒት እንደገና ሊሠራ ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ኦንኮሎጂስቱ፣ ማለትም የካንሰር ሐኪሙ፣ ያንኑ መድኃኒት ከሌላ ጋር አዋሕዶ መረጠላቸው፤ ሲ ኤ 125 የተባለውን የደም ምርመራም በየዙሩ እንዲለካ አዘዘ። ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውም ነገሩ ተነሣ። ከብራካ 1ና ከብራካ 2 ዘረ መሎች በአንዱ ላይ ጉድለት ያለባት ሴት የጡትም የኦቫሪም ካንሰር ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። ይኸው ጉዳይ ምርመራውን ያወሳሰበዋል፤ እንዲህ ያለች ሴት ሁለት ልዩ ልዩ ካንሰር፣ አንዱን ከጡት አንዱን ከኦቫሪ፣ ሊይዛት ስለሚችል «ኦቫሪ ነበረባት፣ ስለዚህ ይህም ከዚያ መጣ» ማለትም የፊተኛውን ያህል ስሕተት ሊሆን ይችላል። ማመሳከሩ ለዚህ ነው። ለአክስቴ ይህን ሁሉ ያስረዳቻቸው ዶክተሯ ናት፤ «እናቴ፣ አዲስ በሽታ አልያዘዎትም፤ የድሮው ነው ቦታ ቀይሮ የመጣው፣ መድኃኒቱንም ያውቀዋል» አለቻቸው። አክስቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው «እንግዲህ የማውቀው ጠላት ይሻላል» አሉ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። ከሁሉ የከፋው የክፍያው አሰጣጥ ነው። የማቅለሚያዎቹ ዋጋ አስቀድሞ አልተነገረንም፤ ናሙናው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ተደውሎ፣ በአንድ ማቅለሚያ ተቆጥሮ፣ ገንዘቡ ሳይገባ ሥራው እንደማይጀመር ተነገረን። ዶክተሯ የጠየቀችውን ሁሉ ያስፈለገበትን ምክንያት አሁን በደንብ ስለተረዳሁ ገንዘቡ አያሳዝነኝም፤ ነገር ግን ከዘጌ የሚመጣ ሰው ቡናውን ሸጦ የሚከፍለው ነውና፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢያውቀው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ያ ክፍያ እስኪገኝ አራት ቀን ጠፍቶብናል፤ ከናሙናው መወሰድ እስከ ውጤቱ 19 ቀን ፈጅቷል፣ በዚህም ጊዜ ማዕከሉ ራሱ አንድም ቀን አልደወለም፣ በየሦስት ቀኑ የደወልሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው የወረቀቱ ቋንቋ ነው። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ተጽፎ ይሰጣል። ለኦንኮሎጂስቱ እንዲህ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ለታማሚዋ ግን ምንም አይናገርም። ዶክተሯ በቃል ያስረዳችውን ያንኑ ነገር በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፎ ከወረቀቱ ጋር ማያያዝ የሚከብድ አይመስለኝም፤ በተለይ «ከዚህ በፊት የነበረው ካንሰር ከኦቫሪ ነው፣ የብሎኩ ቁጥር ይህ ነው» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ቢኖር አክስቴ ለሚቀጥለው ሐኪም ሁሉ ራሳቸው ሊያሳዩት ይችሉ ነበር። ደረጃውም ሌላ ችግር ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት የለም፣ ኬሞ የሚወስድ ሰው በየእርከኑ እያረፈ ነው የሚወጣው። ናሙና መቀበያውን ብቻ እንኳ ምድር ቤት ቢያወርዱት ታማሚው መውጣት አያስፈልገውም ነበር።

ለአገልግሎቱ ደረጃ እንድሰጥ ብጠየቅ ለዶክተሯ ሥራ ሙሉ ነጥብ፣ ለመቀበያው ቅጽና ለናሙና አያያዙ ሙሉ ነጥብ፣ ለክፍያውና ለመልእክቱ ግን ከግማሽ በታች እሰጣለሁ። ከዚህ በፊት ዕጢ ወጥቶለት የሚያውቅ ማንኛውም ሰው አዲስ እብጠት ካገኘ፣ በጡት ይሁን በሌላ ቦታ፣ ይህን ማዕከል የመሰለ፣ ያለፈውን ሳይጠይቅ ስም የማያወጣ ቦታ ፈልጎ እንዲሄድ እመክራለሁ፤ ሲሄድም የድሮውን ወረቀት ሙሉውን፣ በተለይ የናሙና ቁጥሩ ያለበትን ገጽ፣ ይዞ ይሂድ፣ ባይጠየቅም ይናገር።

ማዕከሉ በመጨረሻው ቀን ሁለቱን ብሎኮች፣ የድሮውንና የአዲሱን፣ በየራሳቸው ከረጢት አድርጎ፣ ስማቸውንና ቁጥራቸውን ጽፎ አስረክቦናል፤ ከሙቀት እንዲርቁም ነግሮናል። አክስቴ ሦስተኛውን ዙር ኬሞ ባለፈው ሳምንት ወስደው ወደ ዘጌ ተመልሰዋል፤ ብሎኮቹ ከድሮው ወረቀት ጋር በቤታቸው፣ ቡናው ከሚቀመጥበት ጓዳ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ናቸው፣ የሣጥኑን ቁልፍ ደግሞ ለታላቂቱ ልጃቸው ሰጥተዋታል።